ለትራክ ነው ወይስ ለፒያሳ? የአንባቢያን የመኪና ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ግማሹ ስለ ያገለገለ ስፖርት መኪና ነው፣ ምን እንደነካችሁ እንጃ። ስለዚ የቪትዝና የኮሮላ ባለቤቶች ዛሬ ትንሽ ታገሱን፣ የናንተ በሚቀጥለው ይወጣል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ሰላም አዘጋጅ። እኔ ስራ ቦታዬ ቅርብ ስለሆነ በእግሬ ነው ምሄደው፣ ስለዚ መኪናው ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አልፎ አልፎ ሰፊ ግቢ አስፈቅደን፣ አጥሩን ዘግተን፣ ኮን ደርድረን እንነዳለን፣ እስካሁን በሰው መኪና ነበር አሁን የራሴን ልገዛ ነው። ሶስት አይቻለሁ፣ አንዱ ቢኤምደብሊው ኢ46 330 ነው፣ ሌላው የ2002 ሴሊካ ማንዋል፣ ሶስተኛው የ2007 ጎልፍ ጂቲአይ። ደላላው "ቢኤሙን ውሰድ 231 ፈረስ ጉልበት ነው" እያለ ልቤን ሊያጠፋው ነው፣ ጋራዥ ያለው አጎቴ ደሞ ሴሊካ ይላል። አንተ ብትሆን የቱን ትገዛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ስለዛ 231 እናውራ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም ግን ባህር ጠለል ላይ ያለ ቁጥር ነው፣ እኛ ደሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ምንኖረው። እዚ ያለው የአየር ግፊት ከባህር ጠለሉ ሶስት አራተኛ ምናምን ነው፣ ተርቦ (አየር እየገፋ ወደ ሞተሩ ሚያስገባ መሳሪያ) የሌለው ሞተር ሚስበው አየር በዛው ልክ ስለሚቀንስ ጉልበቱም ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ስለዚ ያ 231 አዲስ አበባ ላይ ወደ 175 አካባቢ ነው፣ የሴሊካው 140 ደሞ ወደ 107 ይወርዳል። ጎልፉ ተርቦ ስላለው ብዙ አያጣም ግን የጎደለውን አየር ለማሟላት ተርቦው የበለጠ መዞር አለበት፣ የበለጠም ይሞቃል፣ በነፃ የሚመጣ ነገር የለም።

ይሄን ያነሳሁት ቢኤሙ ደካማ ነው ለማለት አይደለም፣ ከሴሊካው በደንብ ይጠነክራል እዚም ቢሆን። ግን አንተ ምትነዳው ኮን መሃል ነው፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ ሶስተኛ ሳትደርስ ፍሬን ምትይዝበት ቦታ። እዛ ላይ የፈረስ ጉልበት ሳይሆን ክብደት ነው ሚፈርደው፣ ቢኤሙ 1,400 ኪሎ አለፍ ይላል ሴሊካው 1,100 ገደማ ነው፣ ያ 300 ኪሎ ልዩነት በየኩርባው ፍሬንህንና ጎማህን ነው ሚበላው።

አሁን አንድ በአንድ። ኢ46 ሲነዳ ልብ ሚሰርቅ መኪና ነው፣ አልክድም፣ መሪው ብቻ ለብቻው ዋጋ አለው። ችግሩ ዕድሜው ነው። የማቀዝቀዣ ስርዓቱ ብዙው ፕላስቲክ ነው፣ የውሃ መያዣ ጋኑ ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፣ የውሃ ፓምፑና ቴርሞስታቱም ተከታትለው ይሄዳሉ፣ ሞተሩ አንዴ በደንብ ከሞቀ ደሞ ቴስታው ይጣመማል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ወጪ አጎትህን ጠይቀው። ሁለተኛውና ብዙ ሰው ማያየው ከኋላ ነው፣ ዲፈረንሻሉን የተሸከመው ብረት ከወለሉ ላሜራ ጋር ሚታሰርበት ቦታ ላይ ላሜራው በድካም ይሰነጠቃል፣ ትራክ (ለፍጥነት መንጃ የተዘጋ ሜዳ) ላይ ሲነዳ ደሞ ይብሳል። ሊፍት ላይ አሰቅለህ በባትሪ እያበራህ አራቱንም ማሰሪያ ተመልከት፣ እዛ አካባቢ አዲስ ጥቁር ቅብ ወይም ስቱኮ ካየህ ለምን እንደተቀባ ራስህን ጠይቅ፣ ደላላውን አትጠይቅ።

ጎልፉ ፈጣን ነው፣ ግን የዛ ዘመን ጂቲአይ የነዳጅ ፓምፑን ሚገፋ ካም ፎሎወር ሚሏት ትንሽ ክዳን መሳይ ነገር አለችው፣ እሷ ስታልቅ ካምሻፍቱን (የሞተሩን ቫልቮች ሚከፍተውን ዘንግ) ራሱን ይዛ ነው ምትሄደው። ፓምፑን ፈትቶ ማየት ሶስት ቡሎን ነው፣ ሻጩ እሺ ካላለ አንተም እሺ አትበል። ከዛ የነዳጅ ነገር አለ፣ ተርቦ ሞተር ጥሩ ኦክታን (ነዳጁ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ሚችልበት ልክ) ይፈልጋል እኛ ማደያ ላይ ግን ወረፋ ይዘህ የተገኘውን ትቀዳለህ እንጂ ኦክታን አትመርጥም፣ ኮምፒውተሩ ኖክ (የዛ ፍንዳታ ማንኳኳት) ሲሰማ ራሱ የካንዴላውን ብልጭታ ስለሚያዘገይ የከፈልክበትን ጉልበት ሳታገኘው ትቀራለህ።

ሴሊካ ላይ ከአጎትህ ጋር ነኝ። ባለ 140 ፈረሱ ሞተር 1ዜድዜድ ነው፣ ከአሜሪካ በብዛት የገባው ከ2003 እስከ 2008 የተሰራው ኮሮላ ላይ ያለው ያው ሞተር ስለሆነ ፓምፑም ሴንሰሩም ጋርኒሲዮኑም ሶማሌ ተራ ገብተህ ምትጠይቀው ዕቃ ነው። ስፖርት መኪና ስትገዛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ቅዳሜ የተበላሸ መኪና ለሚቀጥለው ቅዳሜ መድረስ አለበት፣ አለበለዚያ የግቢ ጌጥ ነው። ግን ያንተው የ2002 ነው አልክ፣ እስከዛ አካባቢ የተሰሩት ላይ የፒስተኑ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ ይዘጋሉ፣ የዘይት ፋሻው ይጣበቃል፣ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። ጭስ ላታይ ትችላለህ፣ ሻጮችም ሊያሳዩህ ከመምጣታቸው በፊት ዘይት ሞልተው ነው ሚመጡት። ስለዚ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ አስነሳው፣ ማለትም ሳይደውሉልህ ቤታቸው ድረስ ሂድና ኮፈኑን በእጅህ ንካው፣ ሞቅ ካለ ሌላ ቀን ተመለስ። ካሞቅከው በኋላ ለሁለት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ተወውና አንዴ ጠንከር አድርገህ ርገጠው፣ ያኔ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ መልሱን አገኘህ።

ከዛ ንዳው። ቦሌ መንገድ ላይ እየተንሸራሸርክ መኪና አታውቅም፣ እሁድ በጠዋት ከለገሃር ተነስተህ ቸርችልን ይዘህ ወደ ፒያሳ ውጣ። ዳገቱ ላይ ሶስተኛ ማርሽ አስገብተህ ዝቅ ካለ ፍጥነት ላይ ነዳጅ ስጠው፣ አርፒኤሙ ብቻውን ሽቅብ ሄዶ መኪናው ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ዋጋው ላይ ተነጋገር። እላይ ስትደርስ አቁመህ ሞተሩን ሳታጠፋ የሙቀት ሜትሩን እያየህ አምስት ደቂቃ ቁም፣ ፋኑ ሲነሳና ሲያቆም ስማ። የራዲያተር ክዳኑንም እይ (ሲቀዘቅዝ ነው ደሞ፣ ፊትህን እንዳታቃጥል)፣ ሰው ይንቃታል እንጂ እዚ ከተማ ውሃ ክፍት ሆኖ ከተጣደ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው ሚፈላው፣ ራዲያተር ውስጥ ሳይፈላ ሚያቆየው የዛች ክዳን ግፊት ነው፣ ጎማዋ የደረቀ ክዳን ያለው መኪና ባህር ዳርቻ ላይ ምንም ሳይሆን ግቢ ውስጥ ሶስተኛ ዙር ላይ ሊፈላብህ ይችላል። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ዝም ብለህ ቀይራት።

ወረቀቱ ላይ አጭር ልበል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑን በአይንህ እይ፣ ስፖርት መኪና ላይ ሞተር ቀይሮ ሳያስመዘግብ ሚሸጥ አለ፣ ቦሎ ስታሳድስ ያንተ ራስ ምታት ይሆናል። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑንም ሳታረጋግጥ ቀብድ አትስጥ። ከአሜሪካ ተገጭቶ በጨረታ ተሸጦ እዚ በባትላሜራ የተነሳ መኪና ስላለ በ17ቱ የሻንሲ ቁጥር ታሪኩን ኦንላይን ፈልግ።

የመጨረሻው ካለህ ብር ሲሶውን አስቀር። ያ ብር ለቸርኬና ለማርሚታ አይደለም! መጀመሪያ የፍሬን ዘይት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት እየጠጣ ነው ሚያረጀው፣ ዶት 4 ሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲሱ ሳይፈላ ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ 155 ብቻ ነው። ትራክ ላይ ያንን ታልፈዋለህ፣ ዘይቱ ቱቦ ውስጥ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ይሄ ሲሆን ግንብ ፊትህ ባይኖር ደስ ይልሃል። ስለዚ ሲስተሙ በሙሉ ተጥቦ አዲስ የታሸገ ዶት 4 ይግባበት፣ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ከርሞ ከነበረ ቆርቆሮ እንዳይሞሉልህ አጠገባቸው ቁም። ከዛ የፍሬን ሸራ፣ ከዛ ጎማ፣ ከዛ አሞርዛተር፣ በዚ ቅደም ተከተል። ስትነዳም አራት አምስት ዙር ጠንክረህ ከሄድክ አንድ ዙር ፍሬን ሳትነካ ቀስ ብለህ አቀዝቅዘው፣ ስታቆም ሃንድ ብሬክ አትሳብ ማርሽ ላይ ተወው፣ የጋለ ዲስክ ላይ ሸራው ተጣብቆ ይቀራል።

ሴሊካው ዘይት ሚበላ ሆኖ ከተገኘስ? ሞተር ማስከፈቻውን ከዋጋው ላይ ካልቀነሱልህ ተወው። ያኔም ወደ ቢኤሙ አትሩጥ፣ ሌላ ሴሊካ ጠብቅ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ልጆቼ "አባዬ አሁን ምን ያደርግልሃል" እያሉኝ የ1999 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ልገዛ ነው፣ ሁለት ሰው ምትይዘዋ ጣሪያዋ ሚከፈተው። ጋራዥ ወስጄ ኮምፕረሽን አስለካሁና 9.3፣ 9.2፣ 9.4፣ 9.1 መጣ። መካኒኩ መጽሐፉ 12 ባር ነው ሚለው፣ ሞተሩ ሞቷል፣ ይከፈት አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ መካኒኩ ያነበበው መጽሐፍ ልክ ነው፣ ያልቆጠረው ከተማውን ነው። ኮምፕረሽን ማለት የገባውን አየር ማመቅ ነው፣ እዚ ሚገባው አየር ግፊቱ ከባህር ጠለሉ ሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ ታምቆ ሚወጣውም ቁጥር በዛው ልክ ይወርዳል፣ ባህር ጠለል ላይ 12 ሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 9.2 አካባቢ ያሳያል። የእርስዎ አራቱም እዛው ናቸው! ሚያስጨንቀው በሲሊንደሮቹ መሃል ያለው ልዩነት ነው፣ ከአስር በመቶ በላይ ቢራራቁ ወይም አንዱ ብቻውን ቢወድቅ ያኔ መካኒኩን እሰማው ነበር። ልኬቱ ሲደረግ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ ነዳጁ ተረግጦ መሆን አለበት፣ ይሄን ካደረገ ሞተሩን አያስከፍቱት። በዚ ምክንያት ስንት ደህና ሞተር ያለ ጥፋቱ እንደተከፈተ ባሰብኩ ቁጥር ያናድደኛል።

መኪናዋን በተመለከተ ጥሩ መርጠዋል፣ አንድ ቶን ምናምን ናት፣ ዕቃዋ ግን ሶማሌ ተራ ሚደረደር አይነት አይደለም፣ ውጭ ዘመድ ካለዎት ሻንጣ ውስጥ ሚገባውን ቀድመው ያስልኩ። የዝናብ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ከመቀመጫዎቹ ኋላ፣ ጣሪያው ሚታጠፍበት ጥግ ላይ ያገኟቸዋል፣ ከክረምት በፊት በቀጭን ገመድ ያስጠርጓቸው፣ ከተዘጉ ውሃው የጎን ላሜራውን ከውስጥ ነው ሚበላው፣ ስለዚ ከመግዛትዎ በፊት ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ያለውን የስር ላሜራ በጣትዎ ተጭነው ይሞክሩት። ለልጆቹ ደሞ እኔ ነኝ ያልኩት ይበሏቸው።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ እኔ ለዕቃ ዱባይ ስለምመላለስ እዛ አውቶድሮም የሚባለው የመኪና መወዳደሪያ ቦታ ገብቼ በኪራይ መኪና ነድቼ ሱስ ያዘኝ። አሁን እዛው አንድ ደህና ያገለገለ ስፖርት መኪና ገዝቼ በጅቡቲ ባስገባውስ? ወይ እዚ ገዝቼ እዚ ልለማመድበት?

መልስ፦ እህቴ የመጀመሪያውን እርሺው። መንግስት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ የቤንዚን ስፖርት መኪና ገዝተሽ ወደብ ላይ ይዘሽ መቆም ነው ሚሆነው። እዚ ያለው ያገለገለ ስፖርት መኪና ዋጋ እንዲህ የሰማይ ጣራ የነካውም አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፣ ያለው ይዞራል እንጂ አዲስ አይጨመርም።

ሁለተኛው ላይ ሂሳቡን ስሪ። ዱባይ አውቶድሮም ሙሉው ዙር 5.39 ኪሎሜትር ነው፣ ባለሙያ አጠገብሽ አለ፣ አምቡላንስ ቆሟል፣ ፍሬንና ጎማው የነሱ ነው። አዲስ አበባ ደሞ ቋሚ ሰርኪት (እንደዛ ያለ የመወዳደሪያ መንገድ) የለንም፣ እዚ ገዝተሽ ምታገኚው ኮን የተደረደረበት ግቢ ነው። ፍጥነቱን ከሆነ የወደድሽው ኪራዩን ቀጥይ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ተከራይቶ መንዳት እዚ መኪና ገዝቶ ከማቆም በብዙ ይረክሳል። ሚያምርሽ መሪው፣ ማርሹ፣ ጎማው ሲንሸራተት መመለሱ ከሆነ ግን ግቢው ከሰርኪት የተሻለ ትምህርት ቤት ነው፣ በ50 ኪሎሜትር ሰዓት ተሳስተሽ ኮን ገጭተሽ ትስቂያለሽ። ለዛ ደሞ ስፖርት መኪና አያስፈልግሽም፣ ማንዋል የሆነ ስዊፍት ወይም ያሪስ፣ ጥሩ ጎማና አዲስ የፍሬን ዘይት ይበቃሻል። ዱባይ ስትሄጂ ግን ሃምሌና ነሃሴን ዝለያቸው፣ በዛ ሙቀት ሄልሜት አድርገሽ ከሶስት ዙር በኋላ ምትማሪው ነገር የለም።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ኤሌክትሪክ መኪና ከፍታ አይነካውም አይደል? ታድያ ለምን በአይዲ 4 ትራክ አንነዳም?

መልስ፦ አይነካውም፣ እሱ ላይ ትክክል ነህ፣ ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ እንጦጦ ላይም ያው ነው፣ ከመብራት ሲነሳ ያን ሁሉ ቢኤም ሚያሳፍረው ለዛ ነው። ግን አይዲ 4 ሁለት ቶን አካባቢ ነው። ያን ሁሉ ክብደት ደጋግመህ ስታቆምና ስታዞር መጀመሪያ ሚጮሁት የፊት ጎማዎቹ ናቸው፣ ደጋግመህ በሙሉ ጉልበት ስትረግጠው ደሞ ባትሪው ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበቱን ይቀንስብሃል፣ ቻርጁም አይንህ እያየ ይወርዳል። ለመዝናናት ሞክረው፣ ግን ወደ ቤት መመለሻ ቻርጅ አስቀር።

ጥያቄ (ስም አልተጻፈም)፦ ግቢ ማስፈቀድ ሚባለው ነገር ከባድ ነው፣ ማታ ስድስት ሰዓት በኋላ ቦሌ መንገድ ባዶ ነው፣ ወይ አዳማ ፈጣን መንገድ...

መልስ፦ አይሆንም። ፈጣን መንገዱ 120 ገደብ ያለው የህዝብ መንገድ ነው፣ ቦሌ ላይ ደሞ በዛ ሰዓት መንገድ ሚጠርጉ እናቶች አሉ። ኢንሹራንስህንም አንብበው፣ ሙሉ ሽፋን ሚባለው ራሱ በተለምዶ ለውድድርና ለፍጥነት ፈተና አይከፍልም፣ ግቢም ውስጥ ቢሆን ማለት ነው።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ ያገለገለ ጎማ ግን ብዙ ጥርስ ያለው አግኝቻለሁ፣ "ከአዲስ አይተናነስም" ተብያለሁ፣ ለትራክ ይሆናል?

መልስ፦ ጥርሱን ተወው ጎኑን አንብብ። ዶት ሚለው ጽሁፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው የኋላዎቹ ዓመት፣ 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ቁጥሩ ባንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ካላየኸው ጎማውን ገልብጠው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ ጎማው ደርቆ ስለሚጠነክር አስፋልት አይዝም፣ ጥፍርህን ስትጫነው ትንሽ ካልገባልህና ጥርሶቹ ስር ጸጉር መሳይ ስንጥቅ ካየህ ለትራክም ለመንገድም አትግዛው። አራቱም አንድ አይነት ካልሆኑ ደሞ ቢያንስ ፊትና ፊት፣ ኋላና ኋላ አንድ ይሁኑ፣ የተሻሉት ጥንድ ከኋላ ይግቡ።